ስለ ብስክሌተኞች ስስት

ብስክሌተኛን አብዝቶ የሚያስመርረው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ባለታክሲው፣ ባለባጃጁና ግራ ቀኙን ሳያይ በሩን በርግዶ የሚወርደው የቤት መኪና ባለቤት ቀድመው መጠራታቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ በየዕለቱ ከቤቱ ሥራው፣ ከሥራው ቤቱ በብስክሌት የሚመላለስ ሰው ቡና ቀርቦለት ጨዋታው ሲደራ የሚያነሣው ቅሬታ፣ ባመዛኙ ሌላውን ብስክሌተኛ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል። ባለመኪናው ባዕድ ስለሆነ ከእርሱ ደግ ነገር የሚጠብቅ የለም፤ ብስክሌተኛው ግን ወገን ነው፣ የወገን በደል ደግሞ ያንገበግባል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እነዚህን በደሎች ሲሆን፣ የሚያቀርበው መላምት፣ ማለትም ገና በማስረጃ ሊፈተን የሚገባው ሐሳብ፣ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የብስክሌተኛ ክፉ አመል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከስስት ይመነጫል፣ ስስቱም የገንዘብ ሳይሆን የፍጥነት ነው የሚል ነው።

መላምቱን ለመረዳት ስለ እንቅስቃሴ ጉልበት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚባለው ማንኛውም በጉዞ ላይ ያለ አካል እንደ ክብደቱና እንደ ፍጥነቱ መጠን ይዞት የሚሄደው ጉልበት ሲሆን፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይህ ጉልበት በፍሬኑ ላስቲክና በቸርኬው መካከል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ባለመኪና ፍሬን ሲይዝ የሚያጣው ነዳጅ ነው፣ ነዳጁንም ቢሆን የሚያጣው በእግሩ ጣት ስለሆነ ሕመሙ አይሰማውም፤ ብስክሌተኛ ግን የሚያጣው በገዛ ጭኑ ያጠራቀመውን ነውና እያንዳንዱ ማቆሚያ እንደ ግብር ይቆጠርበታል። የአገር ግብር የማይሸሽ ሰው እንኳ ይህን ግብር ይሸሻል።

የግብሩ መጠን ሲሰላ ግን ነገሩ ያሳፍራል። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 18 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 1,280 ጁል ገደማ ነው፤ ጁል የጉልበት መለኪያ ነው። የሰው ጡንቻ ከምግብ ያገኘውን ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ይኸው ሰው ከቆመበት ተነሥቶ ያንን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት የሚያወጣው፣ የነፋሱ ተቃውሞ ሳይታሰብ፣ ወደ 1.2 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ደግሞ 16 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ጠዋት ሻዩ ላይ ሁለት ማንኪያ ጨምሮ፣ አማስሎ፣ ፉት ብሎ የወጣ ሰው በመንገዱ ላይ 25 ጊዜ ቆሞ ቢነሣ እንኳ ስኳሩ አይሟጠጥበትም ማለት ነው። ስኳር ውድ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ቢሆንም የሰው ሕይወት በማንኪያ አንድ አሥራ ሦስተኛ አይተመንም።

ለምርምሩ ከኢትዮጵያ ከተሞች ባሕር ዳርን ያህል የተመቸ የለም። ከተማይቱ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ለጥ ባለ ሜዳ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ዘንባባ በተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ላይ ተማሪው፣ አስተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው በብስክሌት ሲመላለስ ኖሯል። ሜዳነቷ ግን መዘዝ አለው። በዳገታማ ከተማ ብስክሌተኛው ዳገቱ ላይ ወርዶ እየገፋ ትሕትና ሲማር፣ በባሕር ዳር ግን ከቤቱ ተነሥቶ አንድ ጊዜ ሳይቆም ሥራው ይደርስ ዘንድ ምድሩ ራሱ የፈቀደለት ስለሚመስለው፣ ያስቆመው ሁሉ፣ እግረኛም ሆነ ትራፊክ ፖሊስ፣ የተፈጥሮን ሕግ የጣሰ ያህል ይታየዋል።

የዚህ ስስት የመጀመሪያው ምልክት በተቃራኒ አቅጣጫ መምጣት ነው። በመካከሉ አካፋይ ባለው ጎዳና ላይ መሥሪያ ቤቱ ከወዲያ ማዶ የሆነ ሰው፣ እስከ አደባባዩ ሄዶ ዞሮ መመለስ ሲገባው፣ የቀኝ መስመሩን ትቶ በግራው ጠርዝ ተጠግቶ ፊት ለፊት ይመጣል። በትክክለኛው መስመር የሚጓዘው ወደ ቀኝ ሲል እርሱም ወደዚያው ይላል፣ ወደ ግራ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሊጋጩ ጥቂት ሲቀር ጥፋተኛው አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ በፈገግታ «እዚሁ ቅርብ ነኝ!» ይላል። ቅርብ የሆነ ሰው ሕግ አይመለከተውም የሚለው ይህ እምነት ከየት እንደ መጣ የሚገልጽ አንቀጽ በትራፊክ ደንብ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ከእርሱ የሚብሰው ፍሬን አልባው ነው። የፍሬን ሽቦው ከተበጠሰ የቆየ ብስክሌት ባለቤት መቆም ግድ ሲሆንበት የቀኝ እግሩን ከፔዳሉ ያነሣና የጫማውን ሶል ከኋላው ጎማ ላይ ይጫናል። የሶሉ መሐል በጎማው ስፋት ልክ ተቦርቡሮ ቦይ ሠርቷል፤ ፍትጊያው ሲበረታ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከኋላ ለሚመጣው ይደርሰዋል፣ ይህ ሽታም የፍሬን መብራትን ተክቶ ያገለግላል። ዝናብ የዘነበ ዕለት ሶሉም ጎማውም ስለሚሙለጨለጭ ሰውየው የሚቆመው በፊቱ ያለው ብስክሌት የኋላ ፓራፋንጎ ሲያስቆመው ነው፤ ፓራፋንጎ ጭቃና ውኃ እንዳይረጭ ከጎማው በላይ የሚደረገው ክዳን ነው። አንድ የፍሬን ሽቦ ከአንድ ጥንድ ጫማ እጅግ የሚረክስ በመሆኑ ነገሩ በኢኮኖሚ ሊብራራ አይችልም፤ በመላምቱ መሠረት ግን ግልጽ ነው፣ መቆም ያላሰበ ሰው ማቆሚያ አያሠራም።

በአዲስ አበባ የብስክሌተኛው ቁጥር ትንሽ ቢሆንም፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በታደሱት ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መንገድ ስለ ተዘረጋ አዲስ ዓይነት አመል ለማጥናት ዕድል ተገኝቷል። ይኸውም በቀይ መብራት ላይ የሚታየው ቀድሞ የመሰለፍ አባዜ ነው። አራት አምስት ብስክሌተኞች እግራቸውን መሬት አስነክተው በተራ ቆመው ሳለ፣ ከሁሉ ዘግይቶ የደረሰው፣ ከሁሉም የዘገመው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ እግር ማስነካትን እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥረው በጎናቸው ስንዝር በስንዝር እየተሳበ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ መሪውን ወዲህ ወዲያ እያወዛወዘ፣ መብራቱ አሁን ይበራል በሚል ተስፋ ያልፋቸዋል። መብራቱ አይበራም። በመጨረሻ ከሁሉ ፊት፣ የእግረኛው ማቋረጫ ነጭ ቀለም ላይ ወጥቶ ይቆማል። ብስክሌት በወጉ እንዲነሣ አንደኛው ፔዳል ከላይ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ መገኘት አለበት፤ የዚህ ሰው ፔዳል ግን ሁልጊዜ ከታች ነው፣ ማርሹም ሲጋልብበት በነበረው በከባዱ ላይ እንዳለ ነው። አረንጓዴው ሲበራ በጫማው አፍንጫ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲያሽከረክር ይስተዋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ያገኘዋል፣ ይረግጠዋል፣ ብስክሌቱ ግን ከከባዱ ማርሽ የተነሣ እንደ ግትር በቅሎ አልነቃነቅ ይላል፤ ከኋላው የተሰለፉትም፣ ቀድመው የደረሱት፣ አንድ በአንድ እየዞሩ ያልፉታል። በሚቀጥለው መብራት ላይ ያው ሥርዓት ከመጀመሪያው ይደገማል።

በሌሎች አገሮች ይህን ስስት መገሠጽ እንደማያዋጣ ተረድተው ከእርሱ ጋር የተስማሙ መንግሥታት መኖራቸው ሊጠቀስ ይገባል። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣችው ሕግ ብስክሌተኛው «ቁም» የሚለው ምልክት ጋ ሲደርስ ቅድሚያ ያለው ተሽከርካሪ ከሌለ ሳይቆም ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። የኮፐንሃገን ከተማ ደግሞ በኖሬብሮጋዴ ጎዳና ላይ መብራቶቹን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ብስክሌተኛ አስተካክላለች፤ «አረንጓዴ ማዕበል» በሚባለው በዚህ አሠራር ፍጥነቱን የጠበቀ ሰው በየመብራቱ አረንጓዴ እየተቀበለው ሳይቆም ይዘልቃል። እዚያ መቆም የፈለገ ብስክሌተኛ ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ ከኋላው ላሉት የሚያሳውቅ ሲሆን፣ ይህን ምልክት ሳያሳይ በድንገት የሚቆም ሰው የሚደርስበት ግልምጫ ከገንዘብ ቅጣት አይተናነስም። 

በአገር ቤት ተመሳሳይ ስምምነት ያደረገው መንግሥት ሳይሆን ብስክሌተኛው ራሱ ነው። ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚያወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት ላይ ፔዳል መርገጥ የከበደው ጎረምሳ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የመኪና ጅራት ይዞ ሲጎተት መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ድርጊት አደገኛ ነው፤ በመላምቱ አንጻር ግን የስስት ሁሉ ቁንጮ ስለሆነ፣ አጥኚው ከመገሠጹ በፊት ለአፍታ ማድነቁ አይቀርም።

ከዚህ የረቀቀ፣ ነገር ግን ይበልጥ የሚያናድድ ሌላ ጥገኝነት አለ። በባሕር ዳር ከቀትር በኋላ የብሱ ከሐይቁ ይልቅ ስለሚሞቅ ከጣና ወደ ከተማዋ ነፋስ ይነሣል፤ በዚህ ሰዓት ወደ ሐይቁ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው በፊቱ የሚገፋውን አየር ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። የአየር ተቃውሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ የሚያድግ በመሆኑ፣ ከፊተኛው ሰው ጎማ ጀርባ በቅርብ ተለጥፎ የሚሄድ ሰው በብዙ ይቀልለታል። በውድድር ስፖርት ይህ የታወቀ ጥበብ ነው፤ አብረው የሚጋልቡ ተወዳዳሪዎች ከነፋሱ ፊት በየተራ እየወጡ ይሸካከማሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተወዳዳሪ የሆነው ጽጋቡ ግርማይን የመሳሰሉ ባለሙያዎችም ለቡድናቸው መሪ ነፋስ መከለልን የሥራቸው አካል አድርገው ይሠሩታል። ልዩነቱ ለጽጋቡ ደመወዝ ይከፈለው የነበረ መሆኑ ነው። የባሕር ዳሩ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከሥራ ወጥቶ፣ የምሳ ዕቃውን ከኋላ አስሮ ሲጓዝ፣ ማንነቱን የማያውቀው ሰው በማጅራቱ ላይ እየተነፈሰ፣ የዛገ ካቴናው ሲጥ ሲጥ እያለ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተራ ሳይወጣ እስከ ሰፈሩ ይከተለዋል። ቢፈጥን ይፈጥናል፣ ቢዘገይ ይዘገያል። የሐይቁ ነፋስ ሲያቆም ብቻ በጎኑ አልፎት ይሄዳል፤ ያውም ደወሉን እየደወለ።

ደወልን በተመለከተ መላምቱ ያለ ችግር ይሠራል። ደወል በብስክሌት ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የጭን ጉልበት የማይጠይቀው እርሱ ብቻ ስለሆነ፣ በሁሉም ነገር ቆጣቢ የሆነው ሰው በእርሱ ላይ ቸር ይሆናል። ፍሬን ሊያዝ በሚገባው ቦታ ሁሉ ደወል ይደወላል፤ ደወሉ የጠፋበትም በአፉ ያፏጫል ወይም «ቀኝህን! ቀኝህን!» እያለ ይጮሃል፣ ይህንም ብዙ ጊዜ የሚለው በቀኙ ለሚሄድ ሰው ነው።

ጭነት የሚያመላልሰውን በዚህ መዝገብ ማስፈር አግባብ አይደለም፤ ሸንኮራ አገዳ ወደ ጎን አጋድሞ የመንገዱን ስፋት የሚሞላው፣ ከመሪው ላይ ዶሮ አንጠልጥሎ ወይም ወዳጁን ከኋላ አፈናጦ የሚያዘግመው ሰው እንጀራውን ወይም ወዳጅነቱን የሚጎትት ስለሆነ ምሕረት ይገባዋል፤ ለዶሮዋ ግን ይበልጥ ይገባታል።

መላምቱ የሚሰናከለው ጎን ለጎን ሆነው እያወጉ በሚጓዙት ሁለት ወዳጆች ላይ ነው። እነዚህ በፍጥነት አይሳሱም፣ እንዲያውም የሚጓዙት ብስክሌት ሊወድቅ ከሚችልበት የዝግታ ወሰን ጥቂት ብቻ ከፍ ብለው ነው። አንደኛው ትከሻው ከሌላው ትከሻ ሊነካካ እየቀረበ፣ ነገሩ ሲጥመው አንድ እጁን ከመሪው አንሥቶ እያወናጨፈ ይሄዳል። የሚያውቁት ሰው ከፊት ለፊት በብስክሌት ሲመጣ ሦስቱም በመንገዱ መካከል ይቆማሉ፤ መቆምም እንደማያስከፍል ሁሉ በደስታ ይቆማሉ፤ ከዚያም የራስ ደኅንነት፣ የልጆች፣ የእናት፣ የሰሞኑ ጉንፋን፣ የተሸጠው መሬት በየተራው ይጠየቃል። ከኋላቸው ፍሬን አልባው በሶሉ፣ ተለጣፊው በፊተኛው ሰው ጎማ፣ ቀድሞ መሰለፍ የሚወደውም በስንዝር በስንዝሩ እየተጠጋ ይከማቻሉ። ደወሎች በአንድነት ይደወላሉ። ከሁለቱ ወዳጆች አንዱ ዞር ብሎ ሰልፉን በመገረም ከተመለከተ በኋላ፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ «ወንድሞቼ፣ እለፉ እንጂ፣ ማን ያዛችሁ?» ይላል፤ ብስክሌቱን ግን ካለበት አያንቀሳቅስም፣ የመሬቱ ወሬ ገና አላለቀምና።