ጠላ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቀቀለው?

ሚዛን ከተማ ጠላ ጠምቄ ልጆች ያሳደግሁ ሴትዮ በስተርጅናዬ ምድጃ ምረጪ ተባልሁ! ያለኝም የልጄ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲው ቴፒ ግቢ ነው የሚማረው፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሄዶ በተመለሰ ቁጥር እኔን የሚያስተምረኝ አያጣም። ስልኩን ዓይኔ ሥር ወትፎ «እማማ፣ ፈረንጆች እቤታቸው ቢራ የሚጠምቁት እንዲህ ነው» ይለኛል። አየሁላችሁ። አንድ ጢማም ሰውዬ የሚያጓራ የጋዝ ምድጃ ላይ ትልቅ ብረት ድስት ጥዶ ቆሟል። ምን ይጠብቃል? እስኪፈላ። ከፈላ በኋላስ? አንድ ሰዓት ሙሉ ሲንተከተክ ያየዋል። ከዚያ ደግሞ መልሶ ለማቀዝቀዝ ይሯሯጣል። ሥራ ፈት!

«ላንቺም እንዲህ ያለ ምድጃና ድስት እንግዛልሽ፤ የቱ ይሻላል?» አለኝ።

ልጄ፣ ጠላ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚቀቀለው?

ቢራ ሌላ፣ ጠላ ሌላ። እነሱ የብቅሉን ውሃ ሆፕ ከሚሉት ቅጠላቸው ጋር ያፈሉታል፤ መራራው በመፍላት ነው የሚወጣላቸው። እኛ ጌሾውን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈን እንተወዋለን፤ ቀኑን ጠብቆ ራሱ ይመርራል፣ ጋዝ አያስፈጅም። ብቅሉም ቢሆን በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ነው የሚገባው። የጠላ እሳት ለእህሉ እንጂ ለውሃው አይደለም፤ አሻሮ ለመቁላት፣ ቂጣ ለመጋገር፣ እንኩሮ ለማመስ። ቢራ ካማረው በደሌ አለለት፤ ፋብሪካው ከ1985 ጀምሮ እያፈላ ነው፣ ሆላንዶቹም ገዝተውታል። እነሱ ያፍሉ!

እንኩሮን የማያውቅ ሰው ምድጃ ሊመርጥልኝ ነው እንግዲህ። እርጥቡ ዱቄት የጋለ ሰፊ ምጣድ ላይ ይበተናል። ከዚያ በኋላ እጅ አያርፍም፤ የጠርዙን ወደ መሀል፣ የመሀሉን ወደ ጠርዝ፣ ጓሉን እየሰበርሽ። መጀመሪያ ሊጥ ሊጥ ይሸታል። ቆይቶ ቂጣ ቂጣ ይላል። በመጨረሻ ጎረቤት «ዛሬ እንኩሮ አለ እንዴ?» ብሎ ብቅ ሲልና መልኩ እንደተቆላ ቡና ሲሆን ታወጪዋለሽ። ትንሽ ካዘገየሽው ያርርና ጠላውን ያበላሽብሻል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከምጣዱ ሥር ሁሉ እኩል የሚዳረስ፣ ረጋ ያለ እሳት ሲኖር ነው።

ልጁ ግን ምክር አይሰማም፤ ምድጃውን ገዝቶ መጣ። ሰማያዊ እሳቱ መሀል ለመሀል እየተወረወረ ይነዳል። መሀሉ ከሰል ሆነ፣ ጠርዙ ሊጥ እንደሆነ ቀረ፣ ከእናቴ የወረስኩት የሸክላ ምጣድ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ። «የእሳቱ ጉልበት እኮ ከፍተኛ ነው» ይለኛል። አዎን፣ አየሁት!

የደቡብ ምዕራብ ክልል በ2014 ሲቋቋም አራት ዋና ከተማ ነው የተመደበለት፤ ቦንጋ፣ ተርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ። የኔ የጋዝ ሲሊንደር ግን ባለቀ ቁጥር ለመሞላት ሚኒባስ ላይ ተጭኖ ጅማ ደርሶ ይመለሳል። ከኔ ይልቅ እሱ አገር አየ።

ልጁ ደን ትጨርሻለሽ ብሎም ይከሰኛል። የሸካ ደን በፈረንጆቹ 2012 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፣ የካፋው ደግሞ ከዚያ በፊት በ2010፤ ይህን በቃሉ ያነበንብልኛል። ደግ፣ ይመዝገብ። እኔ ግን የጫካ ዛፍ መች ነካሁ? ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው እንጨት ነው የኔ ማገዶ። ጠንካራ ነው፣ ፍሙ ይቆያል፣ ጭሱም ትንሽ ነው። ዝናብ በማያባራበት በዚህ አገር እንጨቱን ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ ደርድሮ ማድረቅ ብቻ ነው ጣጣው። ምርጥ ምድጃ የሚሉትን ከሲሚንቶ የሚሠራውን ቢያመጣልኝ እኮ አልቆጣም ነበር፤ ለእንጀራ ምጣድ ተለክቶ የተሠራ ነው፣ እሳቱም ተበትኖ ከሥር ይዳረሳል፣ ማገዶም በግማሽ ይቆጥባል ይላሉ። እሱ ግን ስልክ ላይ ጢማም ሰውዬ ስለማይቆምበት አይታየውም። የኤሌክትሪክ ምጣዱም አይከፋም ነበር፤ ችግሩ እንኩሮው ቀለም መያዝ ሲጀምር መብራቱ ድርግም ይላል።

ድስቱ ደግሞ የባሰ ነው። ምናለሽ ተራ ፎቶ አሳይቶ ነው ያሠራው። ከሥር ቧንቧ አለው፤ ድፍድፍ በቧንቧ ይወርዳል ብሎ! አንድ የጌሾ እንጨት ሄዳ ተሸጎጠችበትና ጸጥ አለ፤ በሹራብ መርፌ ስነቀንቅ ዋልሁ። ክዳኑ መሀል ላይ ደግሞ ሙቀት መለኪያ ይገባበታል ተብሎ ተበስቷል። ክዳን ከተበሳ ምኑን ክዳን ሆነ? ጋን በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ አፉ ሲመረግ ነው ጠላ ጠላ የሚሆነው። ብረቱን አጥኜው ነበር፤ ጥላሸቱ በጨርቅ ተጠርጎ ሄደ፣ ሽታውን አንድ ቀን እንኳ አላቆየውም። ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ከገዙት ጎረቤቶቼ ይሻላል ብዬ እንዳልጽናና፣ እነሱ ቢያንስ ርካሽ ነው የገዙት።

የቡና ለቀማ ሲደርስ ከበበቃ የሚመለሰው ሠራተኛ ቤቴ ሞልቶ «እማማ፣ ቅጂ» ሲል ምድጃዬ ምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቀኝ እቤት ያለው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እማማ፣ ድስቱን ልሽጠው መሰለኝ» አለኝ። ክዳኑን አንስቼ ቀዳዳዋን በጣቴ ለካሁ። ከማሻ የምትመጣ ቀጭን ቀርከሃ ልክክ ትላለች። ዙሪያዋ በሊጥ ቢመረግ፣ የቀርከሃው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ማሰሮ ቢወርድ፣ ያ የሚያጓራ እሳትም ከሥር ቢሆን... እናቱ አረቄ የሚባል ነገር እዚህ ግቢ አይወጣም ብላ ምላለች።

«አትሽጠው» አልሁት።

«ጠላ አይሆንበትም አላልሽም?»

«ጓዳ አስገባው፣ ለናትህም አትንገር።»