ይድረስ ለባለ ኤንትሬው ጋሼ

ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎና ከናፍጣ ዋጋ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

«የከባድ መኪና ባለንብረት ሆኖ እንዴት ብር አይልክም?» ማለትዎን እኅቴ ነግራኛለች። እውነት ነው፣ ባለንብረት ሆኛለሁ። ሹፌሩም እኔ ነኝ፣ ረዳቱም እኔ ነኝ፤ ጎማ ሲፈነዳ የሚሰደበውም እኔው። ባንኩ ግን መኪናው የማን እንደሆነ በየወሩ ያስታውሰኛል።

ሥራውን ለእርስዎ ማስረዳት አይከብድም፤ የአሰብን መንገድ ያውቁታልና። እርስዎ በኤንትሬ የጭነት መኪናዎ ባዶ ወርደው ሞልተው ይወጡ ነበር። እኔ ሞልቼ እገባና ባዶ እወጣለሁ። አውሮራ የዴንቨር ጎረቤት ናት፤ አገሩ በላተኛ ነው። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የውሻው ቀለብ ሳይቀር ከሌላ ስቴት ተጭኖ ይመጣና በኢንተርስቴት 70 ዳር በተደረደሩት መጋዘኖች ይራገፋል። የሚወጣው ጭነት ጥቂት፣ ባዶ ተሳቢ ይዞ የሚጠብቀው ሹፌር ብዙ። ማቀዝቀዣ ያላቸው ወደ ግሪሊ ወጣ ብለው ሥጋ ይጭናሉ። እንደኔ ተራ ሣጥን የሚጎትተው ከቀናው ከጎልደን ቢራ ያነሣል፣ ካልቀናው ስልኩን ታቅፎ ይውላል።

ስልኩ ውስጥ ያለው ደላላ ነው። ብሮከሩ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ «ቺካጎ፣ በማይል አንድ ከስልሳ» ይላል። «ሁለት አድርገው» እላለሁ። «ቆይ፣ አለቃዬን ልጠይቅ» ብሎ ሙዚቃ ይለቅብኛል። ሙዚቃው ሲያልቅ «ሌላ ሰው በአንድ ከሃምሳ ወሰደው» ይላል። ያ ሌላ ሰው ብዙውን ጊዜ ያገሬ ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ሀቫና ጎዳና ቡና ላይ ሳገኘው «ገበያው ሞተ እኮ!» እያለ ያማርርልኛል።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ምርምር ተቋም እንዳሰላው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ከባድ መኪና ለአንድ ማይል በአማካይ 2 ዶላር ከ26 ሳንቲም ያስወጣ ነበር። ታዲያ በአንድ ከስልሳ የጫነ ሰው እንዴት ይኖራል? ስሌቱ ውስጥ የሹፌር ደሞዝ አለበት፤ ከእሱ እቀንሳለሁ። ሹፌሩ አይከስሰኝም፣ የቅርብ ዘመዴ ነው። በኮሮናው ጊዜ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ሁሉም መኪና ገዛ፤ ከ2022 ጀምሮ ዋጋው ወረደ፣ የመኪናው ዕዳ ግን አልወረደም።

እርስዎን ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ የሚያቆምዎት እንቅልፍ ብቻ ነበር። እኔን የሚያቆመኝ ሰዓት ነው። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ባሉት 14 ሰዓታት ውስጥ ከ11 በላይ መንዳት ክልክል ነው፤ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። መጋዘን በር ላይ ተገትሬ አራግፉልኝ እያልኩ ስለምንም 14ቱ መቁጠሩን አይተውም። አራጋፊው ምሳውን ይበላል፣ የእኔ ቀን ያልቃል።

ወደ ምዕራብ ስሄድ ደግሞ አይዘንሃወር የሚባል ዋሻ አለ፤ ከባሕር ወለል ወደ 3,400 ሜትር ከፍ ያለ። ጣርማ በርን ያስቡና በረዶ ይጨምሩበት። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ግንቦት ሰንሰለት ሳይዙ በዚያ ተራራ ማለፍ ያስቀጣል። ሌሊት በረዶው ላይ ተንበርክኬ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ የተቆላለፈ ሰንሰለት ከጎማው ሥር ስጎትት «አንተ ሰነፍ!» ብዬ ረዳቱ ላይ ልጮህ እልና ትዝ ይለኛል።

ሰፈራችን ውስጥ ከባድ መኪና ማሳደር ስለማይቻል የግቢ ኪራይ እከፍልለታለሁ። እኔ ክፍል ተጋርቼ አድራለሁ፤ እሱ ለብቻው ሰፋ ብሎ ይተኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ሚኒባሱን ሊሸጥ፣ በብሩም እዚህ እንደደረሰ ትራክ ሊገዛ አስቧል አሉ። እባክዎ ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማልና ይምከሩልኝ። ይምጣ፤ መንጃ ፈቃዱን ያውጣ፤ ሁለት ክረምት ለሰው ተቀጥሮ ይንዳ፤ ናፍጣውንም ጎማውንም ሌላ ሰው ሲከፍል ይይ። ከዚያ በኋላ መግዛት ካማረው ቁልፉን እኔው እሸጥለታለሁ። ሚኒባሱን ግን እንዳይሸጠው፤ የመመለሻ ጭነት የማያጣው እሱ ብቻ ነው።

ብሩን ብሮከሩ በ30 ቀን እከፍላለሁ ስላለኝ እንደገባልኝ እልካለሁ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ