ጊሎ ዳር ተቀምጦ ፓስታ

«ፑኝዶ ውድ ነው» አልከኝ፣ ቦርሳህን እንኳ ከጀርባህ ሳታወርድ። ወንድሜ፣ የጋምቤላዋን ፑኝዶን ገና መቼ ቀመስካት? ያዘዝከው ፓስታና የታሸገ ውሃ ጅማን፣ በደሌን፣ መቱንና ጎሬን አቆራርጦ ጋምቤላ ወርዷል፤ ከዚያም በአቦቦ አድርጎ ሌላ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። አንተ ተሳፍረህ ስትመጣ ከፍለሃል። እሱም እንዳንተ ተሳፍሮ ነው የመጣው፤ የእሱን ሂሳብ ማን ይክፈልለት?

«ታዲያ ምን ልብላ?» አጠገብህ የጊሎ ወንዝ እየፈሰሰ እንዲህ ይጠየቃል? ዓሣ ብላ! አኙዋክ ከወንዙ የሚያወጣውን፣ ከወንዙ ዳር ማሳም የሚሰበስበውን በቆሎ ብላ። ኑዌር ቤት ወልወል የሚባለውን ምግብ ካቀረቡልህ እጅህን ታጠብና ቅረብ። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ሴቶች የሚጋግሩት ስስ የማሽላ ኪስራ ካጋጠመህ በወጥ እያጠቀስክ ጨርሰው። ማንጎ በደረሰበት ወቅት ከመጣህማ ለቁርስ አታስብ። ርካሽ ምግብ የሚባለው ሰፈሩ ራሱ የሚበላው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

«ሴትዮዋ ግን ለዓሣው ብዙ ጠራችብኝ።» ዓሣውንስ አየኸው? ሆዱን ሰንጥቃ፣ አጽድታ አቅርባዋለች። ዝንቡን በቅጠል እያባረረች ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። በጋምቤላ ሙቀት ያልተሸጠ ዓሣ አያድርም፤ ማታ ላይ ደክሟት እንደምትቀንስልህ ታውቃለህ፤ ለዚያ ነው የምትከራከራት። አስር ብር አስቀንሰህ «ጎበዝ ተጓዥ ነኝ» አትበል። ዋጋውን ጎረቤቱን ጠይቅ፣ እነሱ በሚገዙበት ግዛ፣ ከዚያ በታች አትውረድ።

«መኪናው እስኪሞላ አይነሳም፤ ጊዜዬን በላው!» ስለሚሞላ እኮ ነው የቀለለህ! ጎዶሎውን ቢነሳ የባዶውን ወንበር ሂሳብ ከአንተ ኪስ ያወጣው ነበር፤ ያኔ ስሙ ኮንትራት ነው። የቸኮለ ኮንትራት ይያዝ፣ ሳንቲም የሚቆጥብ በማለዳ መናኸሪያ ይገኝ። ክረምት ከሆነ ደግሞ መንገዱን ጭቃ ስለሚይዘው የመመለሻህን ቀን አጥብቀህ አትቁረጥ። ከመነሳትህ በፊትም የመንገዱን ሰላም ሾፌሩንና ነዋሪውን ጠይቅ።

«አጎበር የሌለው አልጋ ይረክሳል።» ይረክሳል፤ የወባው መድኃኒት፣ የተኛህበት ሳምንትና ያመለጠህ መኪና ሲደመር ግን ጋምቤላ ከተማ ካለው ሆቴል ይበልጥብሃል።

«እዚህ ያለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ገብቼ ፎቶ ባነሳስ?» እዚህ ላይ ቆም በል። ካምፕ ያለ ስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ፈቃድ አይገባም፤ ፈቃድ ቢኖርህም የሰው ችግር ጉብኝት አይደለም። በሰው አገር ያለ ገንዘብ መንቀሳቀስ ምን እንደሆነ ይህች ከተማ ካንተ በፊት አይታለች። በ1980 ዓ.ም. ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች፣ ብዙዎቹ ወላጅ ሳይከተላቸው፣ በእግራቸው ተጉዘው እዚህ ደረሱ። በረሃብና በጥም መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ እንደገና ተነስተው ጊሎን ተሻገሩ፤ ጥይቱ፣ ሙላቱና አዞው ከመካከላቸው ብዙዎችን ወሰደ። እነሱ ያንን ጉዞ የሄዱት ያለ ምርጫ ነው። ካምፑ ደጃፍ ላይ ካሜራህን ከማውጣትህ በፊት ይህን አስብ፤ ከስደተኛዋ ሻይ መግዛት ከፈለግህ ግን ግዛ፣ ቁጭ ብለህ ጠጣ፣ ሂሳቡን ሙሉ ክፈል።

«እሺ፣ ምን ይዤ ልምጣ?» አጎበር፣ ውሃ ማከሚያ፣ መታወቂያ። ከሁሉ በፊት ግን ዝርዝር ብር፤ ላንተ ባለ 200 ብር ኖት መልስ ፍለጋ ዓሣ ሻጯ ገበያዋን በትና ሱቅ ለሱቅ መዞር የለባትም።