ቀልድ የማይገባቸው ሰላዮች

የሩሲያ ወታደራዊ የስለላ ድርጅት ትልቁ ድክመት ቀልድ አለማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 2016 ዶናልድ ትራምፕ ፍሎሪዳ ላይ መግለጫ ሲሰጡ፣ «ሩሲያ፣ እየሰማሽ ከሆነ የጠፉትን 30 ሺህ ኢሜይሎች እንደምታገኚያቸው ተስፋ አደርጋለሁ» አሉ። ኢሜይሎቹ የተፎካካሪያቸው የሂላሪ ክሊንተን ናቸው። በኋላ ለልዩ መርማሪው ለሮበርት ማለር በጽሑፍ እንደመለሱት፣ ያሉት ለቀልድና ለሽሙጥ ነው። እኛ ሽሙጥ አናጣውም፤ ገብቶናል።

ያልገባቸው ሰላዮቹ ናቸው። በአምስት ሰዓት ገደማ ውስጥ የክሊንተንን የግል ቢሮ ኢሜይሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰብረው ለመግባት ሞከሩ። በ2018 በ12 መኮንኖች ላይ የተመሠረተው ክስ፣ ሙከራው ከሥራ ሰዓት ውጭ እንደነበር ሳይቀር ይጠቅሳል። (የትርፍ ሰዓት ይታሰብላቸው አይታሰብላቸው ክሱ ዝም ይላል።)

ማለርም ያሳዝኑኛል። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀረው ሲመረምሩ ቆይተው፣ የትራምፕ ዘመቻ ከሩሲያ መንግሥት ጋር ማሴሩን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘሁም አሉ። እሳቸው በጨለማ የተቋጠረ ውል ሲፈልጉ፣ ጥሪው በጠራራ ፀሐይ በቴሌቪዥን ተላልፎ አልቋል። የዚህ ቀልድ ጥበቡም እዚህ ላይ ነው፦ ሥራው የሚመለከተው ሰው እንደ ፈቃድ ይሰማዋል፣ «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ የጠየቀ ደግሞ ጨዋታ የማያውቅ ደረቅ ይባላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ በምርጫ ሰሞን ግን ማይክሮፎን ይበቃል።

2019 ደግሞ የሳቅ ዓመት ነበር። ኦሳካ ላይ ትራምፕ ጣታቸውን ቀስረው፣ ፈገግ እያሉ፣ ፑቲንን «እባክህ በምርጫው ጣልቃ አትግባ» አሏቸው። ፑቲን ሳቁ። በኦክቶበር ተራው የፑቲን ሆነና፣ ሞስኮ ላይ ስለ 2020 ምርጫ ሲጠየቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምሥጢር ልንገርህ፣ አዎ እንገባለን፣ ለማንም እንዳትነግር አሉ። በማግስቱ ትራምፕ ከዋይት ሐውስ ደጅ ቆመው ቻይና ጆ ባይደንንና ልጃቸውን ብትመረምር ጥሩ ነው አሉ። ሴናተር ማርኮ ሩቢዮ ጋዜጠኞችን ለመነካካት ነው ብለው አስረዱ። ለማስረዳት ሴናተር የሚያስፈልገው ቀልድ መቼም ረቂቅ ቀልድ ነው።

ሳቁ የማይመቻቸው የመንግሥት ሠራተኞች ግን አሉ። ኒውዮርክ ታይምስ በዚያው ዓመት እንደዘገበው፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሯ ክርስትጄን ኒልሰን ለ2020 ምርጫ ጥበቃ ሲዘጋጁ የሩሲያን ጣልቃ ገብነት ፕሬዚዳንቱ ፊት እንዳያነሱ ተመክረዋል። አለቃ የሚስቅበትን አደጋ ማን በአጀንዳ ይይዘዋል? ምርጫ ጣቢያውን የሚጠብቀው ሰው ግን ደመወዙን የሚበላው በዚሁ አደጋ ነው።

የሴንት ፒተርስበርጉን የሐሰተኛ አካውንቶች ፋብሪካ በገንዘብ የደገፈው የቭጌኒ ፕሪጎዢን ጨዋታውን አበላሸው። በኖቬምበር 2022፣ በአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ ዋዜማ፣ ጣልቃ ገብተናል፣ እየገባን ነው፣ ወደፊትም እንገባለን ብሎ ቁጭ አለ።

ስለዚህ ለወደፊት ተወዳዳሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። ከንግግራችሁ በፊት ለሚመለከተው የስለላ መሥሪያ ቤት በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ጻፉ፦ «ነገ በመድረክ የምንናገረው ቀልድ ስለሆነ ሥራ እንዳትጀምሩ በትሕትና እናሳስባለን።» ግልባጭ፦ ለቤጂንግ።