ብሩን ሳልነካ እንድለየው ላዘዘኝ መምሪያ

ለባንካችን የሥልጠና መምሪያ
ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ሥልጠናን ከአዳራሽ አውጥታችሁ ቪዲዮ ውስጥ ስላስገባችሁልን ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የአዳማው ሆቴል፣ የሻይ ሰዓቱ፣ አበሉና የቡድን ፎቶው ለባንኩ ወጪ እንደነበሩ ይገባኛል። ስለ ኔትወርኩና ስለ መብራቱም አላነሣም፤ ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው። የእኔ ጉዳይ ትንሽ ነው።

«ሐሰተኛ የብር ኖቶችን መለየት» የተሰኘውን ቪዲዮ እንድንጨርስ ያዘዛችሁት በሥራ ሰዓት፣ በየመስኮታችን፣ ደንበኛ ሳይጉላላ ነው። ኮምፒውተሬ ድምፅ የለውም። አሠልጣኙ ባለ 200 ብሩን ወደ ብርሃን አንሥቶ የውሃ ምልክቱን ሊያሳይ ሲል ኔትወርኩ ደከመ፤ ጣቶቹም ብሩም ሟምተው ሐምራዊ ጭጋግ ሆኑ። ጭጋጉን በትጋት ተመለከትሁ። በዚህ መሐል ጡረታቸውን ሊወስዱ የመጡ እናት መስኮቴ ላይ ቆሙ። «ይቆዩኝ እናቴ፣ ጭጋግ እያየሁ ነው» አይባልም፤ አስተናገድኋቸው። ዞር ስል ቪዲዮው ወደ መጀመሪያው ተመልሷል። ገጹን የለቀቀ ሠራተኛ ከሀ ይጀምር ብሎ የደነገገ አእምሮ ይባረክ! ደንበኛ ሲመጣ፣ ቪዲዮ ሲመለስ፣ የጊዜ ገደቡ አለፈ።

ደብዳቤያችሁ ግን ኔትወርክ አላስቸገረውም። «ሐሰተኛ ኖት የመለየት ብቃታቸውን ያላረጋገጡ ሠራተኞች» ይላል፤ ከሥሩ ስሜ ከነአባቴ። ይለጠፍ ብላችኋልና ደንበኞች ወረፋ በሚጠብቁበት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወረፋ የያዘ ሰው ደግሞ የማያነበው ነገር የለም። ለዓመታት ብራቸውን ከእኔ በቀር ማንም እንዲቆጥርላቸው የማይፈልጉ አንድ የእህል ነጋዴ ዝርዝሩን አነበቡ፤ መስኮቴ ላይ ያለውን ስም አነበቡ፤ እንደገና ዝርዝሩን አዩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» አሉኝ፣ እንደ ማዘን ብለው። ያቀበሉኝን እስር ብር ቀስ አድርገው መልሰው ሳቡና «ላላስቸግርሽ» ብለው ወደ ጎረቤቴ መስኮት ሄዱ። ከኋላቸው የነበሩትም ተከተሏቸው።

ጎረቤቴ ብቃቱ የተረጋገጠለት ነው። ቪዲዮውን ከፍቶ ምሳውን በላ፤ የፈተናውን መልስ ከቴሌግራም አገኘ፤ መቶ ከመቶ አመጣ። የነጋዴውን ብር ሲቆጥር አንዷ ኖት ላይ እጁ ቆመ። ከጠረጴዛው ሥር አሳልፎ «እስቲ ይችን ንኪልኝ» አለኝ በሹክሹክታ። ነካኋት። መሻከር የሚገባው ጽሑፍ አልሻከረም። ሐሰተኛ ናት አልሁት። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ አስታወቀ። ነጋዴው ብራቸው ቢያቃጥላቸውም «አንተስ ዓይን አለህ!» ብለው አደነቁት።

ያንን ጣት ያሠለጠናችሁት እናንተው ነበራችሁ። በመስከረም 2013 ብር ሲቀየር፣ ባለ 200ውም አዲስ ሲወጣ፣ ኮሮና ገና ሳይለቀን፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ አንጋፋ ካሸር ቅርንጫፋችን ድረስ መጡ። ኖቱን እያስያዙ «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አሉን። በ2012 ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል ቪዲዮ ብትልኩልን ማን ይወቅሳችሁ ነበር? ዛሬ ግን ሠርጉም ስብሰባውም ተመልሷል። የእናንተ ዓመታዊ ግምገማ ራሱ፣ እንደ ሰማሁት፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ነው እንጂ በቪዲዮ አይደለም።

ቪዲዮ አልጠላም። አዲስ መመሪያ ወይም አዲስ ሲስተም በቪዲዮ ቢመጣ ደጋግሜ አየዋለሁ። ጣት የሚማረውን ግን ዓይን አይማርለትም። ያቺ ኖት በእኔ መስኮት ብታልፍ ጉድለቱ የሚቆረጠው ከደመወዜ ነው፤ ከቪዲዮው አይቆረጥም! አላሠለጠናችሁኝም፤ አዋረዳችሁኝ። የአባቴን ስም ምን አድርጓችሁ ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁት?

ይቅርታ፣ ደብዳቤው የምስጋና ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ዝርዝሩ በተለጠፈበት ቦታ ማስተባበያው ይለጠፍ፤ ኖት የያዘ ሰውም ይላክልን። አበል አንጠይቅም፤ ሻይ ከእኛ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ብቃቷ ያልተረጋገጠ ካሸር

ግልባጭ፦
ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ
ለውስጥ ኦዲት
ብቃቱ ለተረጋገጠለት ጎረቤቴ (መልሱን በቴሌግራም ይጠብቅ)