ያልቀነሰው ፋይል፦ ስለ ጨማቂና ቆራጭ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ትልቅ ፋይልና እምቢተኛ ፍላሽ በአንድ ጊዜ የገጠሙትን ሰው ጠባይ መመርመር ነው። ጥናቱ በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ላይ ብቻ ተወስኗል፤ ሌላው ሰው «ዚፕ አድርግ» የሚለውን ተጭኖ ስለሚገላገል ለሳይንስ የሚተርፍ ስቃይ የለውም።

ተጠኚው የያዘው 6 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ነው እንበል። ፍላሹ 32 ጊጋ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ባዶ ነው፤ ሆኖም ፋይሉ በዝቶብኛል ይላል። ምስጢር የለውም፤ ብዙ ፍላሾች የሚሸጡት በፋት 32 ተዘጋጅተው ነው። ፋት 32 የአንድን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ስለሆነ 4 ጊጋባይት ሊሞላ አንድ ባይት ሲቀረው መቁጠር ያቆማል። ተጠኚው ግን ይህን ሳያጣራ ወደ መጭመቅ ይገባል።

መጀመሪያ ታር ይጠራል። ታር እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር የመጣው ፋይሎችን በማግኔት ቴፕ ላይ ለመደርደር ነበር። ቴፑ ከቢሮ ወጥቷል፤ ትእዛዙ አልወጣም። ታር ይጠቀልላል እንጂ አያሳንስም፤ እንዲያውም በእያንዳንዱ ፋይል ላይ 512 ባይት መግለጫ ይጨምራል። ስለዚህ የማሳነሱ ጉዞ የሚጀምረው በመጨመር ነው።

ቀጥሎ ጂዚፕ ይመጣል። ዣን ሉ ጋይና ማርክ አድለር በ1992 ያወጡት ይህ ፕሮግራም የሚንቀሳቀሰው ሌምፔልና ዚቭ በ1977 ባቀረቡት ሐሳብ ነው፦ አንዴ የተባለውን ደግሞ ከመዘርዘር «ቅድም ብዬዋለሁ፣ ወደ ኋላ ሄደህ እየው» ማለት። ጂዚፕ ወደ ኋላ የሚያየው 32 ኪሎባይት ብቻ ቢሆንም፣ ያንኑ ስህተት ሌሊቱን ሙሉ ሲመዘግብ ለሚያድር የሰርቨር ሎግ ይበቃዋል። (ብዙ ቃለ ጉባኤዎችም በዚህ መንገድ ጥሩ ውጤት እንደሚያመጡ አጥኚው ይገምታል።)

የሠርጉ ቪዲዮ ግን ካሜራው ውስጥ ሳለ ተጨምቋል፤ ድግግሞሹ ያኔውኑ ተለቅሟል። ጂዚፕ ለፍቶ ለፍቶ ያንኑ 6 ጊጋ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ ተጠኚው ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ አላክኮ ኤክስዜድ ወደተባለው ሌላ ጨማቂ ይሻገራል፤ ደረጃ 9 ያዛል፣ ከ600 ሜጋባይት በላይ ሚሞሪ ያስበላል፣ ማራገቢያው ሲጮኽ ሥራው የተጀመረ ይመስለዋል። ሁሉንም ፋይል የሚያሳንስ ዘዴ ሊኖር አይችልም፤ አጫጭር ፋይሎች በቁጥር ከረጃጅሞቹ ስለሚያንሱ ለሁሉም የሚዳረስ ቦታ የለም። ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ከደረጃ 9 የመለሰው ተጠኚ ግን አልተገኘም።

በመጨረሻ ፋይል ቆራጩ ስፕሊት ይጠራል፤ መጠን ግን አይነገረውም። መጠን ያልተነገረው ስፕሊት በየ1000 መስመሩ ይቆርጣል። ቪዲዮ መስመር የለውም የሚል አንባቢ ይኖራል። ስፕሊት ግን ያገኝለታል፤ በተጨመቀ ፋይል ውስጥ የመስመር ማብቂያዋ ባይት በአማካይ በየ256 ባይቱ በአጋጣሚ ብቅ ትላለች። ስለዚህ ሠርጉ ከ20 ሺህ በላይ ቁራጭ ይሆናል። የቁራጮቹን ስም የሚለየው ሁለት ፊደል የሚበቃው ለ676 ስም ብቻ ነበር፤ የጂኤንዩ ስፕሊት ግን ስም ሲያልቅበት ፊደል ጨምሮ ይቀጥላል፤ «ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

መጠን ከተነገረው በሁለት ቁራጭ ያልቃል። ካት የተባለው ትእዛዝም በተራቸው ይገጥማቸዋል። በየስማቸው ሳይሆን በጅምላ በ* ከተጠሩ አንዱ ቢጠፋም ካት ምንም አይልም፤ ያገኘውን ቀጥሎ በሰላም ይወጣል። ጉድለቱን የሚያወጣው ፋይሉ ሲፈታ ጨማቂው ራሱ ነው፤ የጠፋው የመጨረሻው ቁራጭ ከሆነ ደግሞ ያለውን ሁሉ ካስጠበቀ በኋላ።

አጥኚው ለተጠኚዎች ፍላሹን በኤክስፋት ፎርማት ቢያደርጉት ቪዲዮው እንዳለ እንደሚገባ ገልጾላቸዋል። ሐሳቡን ወደውታል። በፍላሹ ላይ ያለው ይጠፋል ወይ ብለው ጠየቁ፤ አዎን፣ አስቀድሞ ሌላ ቦታ ይቀመጥ ተባሉ። ሁሉም ተስማምተው ታርን ጠሩ።