ለቀብሩ ይድረስ

መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ተሰጠን። ርእሱ «ውጤታማ የጊዜ አጠቃቀም» ይላል። ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል ተብሎ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ፤ ይህን ለነገር አይደለም የማነሣው፣ የሥልጠና ወጉ ነው። የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ወጣት አሠልጣኝ መሀል ላይ ቆም ብሎ «ከመካከላችሁ መጽሐፍ የመጻፍ ሕልም ያለው ማነው?» ሲል አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ልብ ወለድ መጀመሬን ነቀምቴ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ አለመጨረሴንም እንዲሁ። ልጁ ፈገግ ብሎ አየኝና «በቀን አንዲት ሰዓት ብቻ! ሠላሳ ቀን፣ አንድ ልብ ወለድ!» አለ። ተጨበጨበ። የሻይ ዕረፍት ሆነ። አበል ፈርመን ተለያየን።

ከዚያ ወዲህ ይህች «አንዲት ሰዓት» አላስተኛ ብላኛለች።

ምክሩ የት እንደተወለደ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች ተጠራርተው በአንድ ወር 50 ሺህ ቃል እንጻፍ ተባባሉ። በዓመቱ ወሩን ኖቬምበር አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ተያዘ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ በቀን 1,667 ቃል ይደርሳል። ከዚያ የተነሣው ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ተዘግቷል፤ ምክሩ ግን መዘጋቱን ሳይሰማ ወለጋ ገባ። ወሩንስ ቢሆን እንዴት ያለ ወር መረጡ! ኖቬምበር ማለት የእኛ ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር ነው። ቡናው የሚለቀመው ያኔ፣ ጤፉ የሚታጨደው ያኔ፣ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ያገደው ዘመድ መንገዱ ሲደርቅለት «እንዴት ከረማችሁ» ብሎ ከነልጆቹ የሚመጣው ያኔ። በኅዳር ወለጋ ውስጥ ቁጭ ብሎ 1,667 ቃል የሚቆጥር ሰው ከተገኘ፣ ወይ ታሟል ወይ ከዘመድ ተጣልቷል።

እሺ፣ ወሩን እንተወው። ሰዓቷ የቷ ናት?

ጧት ናት ይላሉ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሹም ነበር፤ እንደ እኔ ደመወዝተኛ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ዘንድ ይቀርባል፤ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል፤ ከዚያ ሥራ ይገባል። በዚህ አኳኋን 47 ልብ ወለድ አወጣ። ይህን የሚተርኩልን ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘሉብናል። ትሮሎፕ የሚቀሰቅሰው አሽከር ነበረው፤ ለመቀስቀሱ ብቻ በዓመት አምስት ፓውንድ ጭማሪ የሚከፈለው፣ ቡናም ይዞለት የሚገባ። መቀስቀሱስ ግድ የለም፤ ነቀምቴ ላይ በነጻ የሚቀሰቅስ ሞልቷል። መስጊዱ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ መናኸሪያው በኩል «ጊምቢ! ጊምቢ!» እያለ የሚጮኸው ረዳት አለ። ችግሩ ቡናው ነው። የወለጋ ቡና በሩብ ሰዓት አይጠጣም። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ይወቀጣል፣ ጎረቤት ይዘገያል፣ እንደገና ይጠራል። አቦሉ አለ፣ ቶናው አለ። በረካውን ሳይጠጣ የተነሣ ሰው «ምነው፣ ምን ደረሰበት?» ይባላል። «ልብ ወለድ ሊጽፍ ነው» ቢባል ደግሞ ወይዛዝርቱ ለባለቤቴ ያዝኑላታል።

ማታስ? ማታማ ጉድ ነው። እዚህ አገር ወረቀት ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ሥራ የፈታ ሰው ነው። ብረት የሚበይደውን ማንም አያቋርጠውም፤ ብልጭታው ያስፈራላ። ብዕር ብልጭታ የለውም። «ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?» ይሉኛል፣ እየጻፍኩ እያዩኝ። የለኝም ካልኩ ወዲያው ያገኙልኛል፤ አለኝ ካልኩ ይስቃሉ። አንዱ ለመሬት አስተዳደር ማመልከቻ ያስጽፈኛል፤ ሌላዋ «እግረ መንገድህን» ብላ የልጇን የሰርግ ጥሪ ታሳርመኛለች። ባለቤቴም ብትሆን «ከጨረስክ ጤፉን ወፍጮ ቤት አድርስልኝ» ትላለች። ምኑን ስጨርስ እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም።

የታላላቆቹን ታሪክ ማንበብ ያጽናናል ቢሉኝ አነበብኩ፤ ብሶ አበሸቀኝ። ዶስቶዬቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1865 ዕዳ አስጨንቆት ከአንድ አሳታሚ ጋር የእብድ ውል ተዋዋለ። እስከ ኖቬምበር 1፣ 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ ለዘጠኝ ዓመት ሥራው ሁሉ ያለ ክፍያ የአሳታሚው ይሆናል። «ቁማርተኛው»ን በ26 ቀን ጨረሰ። እንዴት ቢባል፣ እሱ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ይናገራል፤ አና የምትባል የ20 ዓመት ልጅ በአጭር ጽሕፈት ትጽፍለታለች። ጥቂት ወራት ቆይቶ አገባት። ይህን ታሪክ ቤቴ ውስጥ አንሥቼው አላውቅም።

ሩቁን ትተን ወደ ቤት እንምጣ ከተባለም ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ለንደን አምባሳደር ሳሉ ነው፤ በ1958 ታተመ። አምባሳደር ሥራ ይበዛበታል፣ አልካድኩም። ግን የአምባሳደርን በር «ቤቶች!» ብሎ ገፍቶ የሚገባ ሰው የለም። በዓሉ ግርማ ደግሞ የእኛው የጎረቤት አገር የኢሉባቦር፣ የሱጴ ልጅ ነው። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ፣ ስብሰባ በስብሰባ ላይ በሚደረብበት በዚያ ዘመን፣ በ1974 ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄደ፤ በ1975 «ኦሮማይ» ታትሞ እጃችን ገባ። በ1976 የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በእሱ ፍጥነት ላይ የምቀልደው የለኝም።

በእኔ ፍጥነት ላይ ግን እከራከራለሁ። ሰው ቀርፋፋ ነው ይለኛል። ከነቀምቴ እስከ ኑኑ ቁምባ እንደ እኔ ፈጥኖ የሚጽፍ ካለ ይምጣ! የሰማንያ፣ የዘጠና ዓመት ሕይወት በአንድ ሌሊት እጽፋለሁ። ምስክሮች ነበሩኝ፤ ሁሉም ተቀብረዋል።

የሕይወት ታሪክ ማለቴ ነው፤ ቀብር ላይ የሚነበበው። ነገሩ የሚጀምረው በስልክ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም። «ሰማህ አይደል? አባባ አረፉ። እንግዲህ ያው… ለቀብሩ ይድረስ።» እሄዳለሁ። ድንኳን እየተተከለ ነው፤ የእድሩ ሰዎች ወንበርና ብረት ድስት ያወርዳሉ። እኔን አንድ ጓዳ ያስገቡኛል፤ ከተማሪ ደብተር መሀል ወረቀት ገንጥለው ይሰጡኛል፤ ልጆቹ ይከቡኛል። «መቼ ተወለዱ?» ብዬ እጀምራለሁ። ማንም አያውቅም። የበኩር ልጅ መታወቂያ ያመጣል፤ ታናሽ እኅቱ በለቅሶዋ መሀል ትስቃለች፤ ዕድሜው ለጡረታ ተብሎ የተስተካከለ ነው። ሚኒሶታ ላለችው ይደወላል፤ እዚያ ቀን ነው፣ ሥራ ላይ ናት፣ አልቅሳ ስታበቃ የነገረችን ዓመት ከሁሉም የተለየ ይሆናል። በመጨረሻ ከድንኳኑ ሽማግሌ ይጠራሉ። «ጥቁር አንበሶች ቦነያ ላይ የጣልያንን አውሮፕላን ያቃጠሉ ጊዜ በእናቱ ጀርባ ይታዘል ነበር» ይላሉ። ሌላው ሽማግሌ «ኧረ ገና በሆዷ ነበር» ይላሉ። አውሮፕላኖቹ የተቃጠሉት ሰኔ 1928 ነው፤ ሰውዬው ወይ ታዝለዋል ወይ ገና በመንገድ ላይ ናቸው። «በ1928 ዓ.ም. ገደማ» ብዬ ሁለቱን አስታርቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ እጄ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በቀድሞው ወለጋ ክፍለ ሀገር፣ በአሁኑ ምሥራቅ ወለጋ ዞን…» እያለ ይሄዳል። አገሩን ለመዘርዘር ብቻ ሩብ ገጽ ያልቃል፤ ሰውዬው ከአንድ ኮረብታ ሳይወርዱ መንግሥት ሲለዋወጥ አድራሻቸውም አብሮ ተለዋውጧል። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ይከተላል፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሰው ከብት ሲያግዱ ነው፣ ቢሆንም ይገባል። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»፤ ሐኪም ቤት በደጁ አልፈው የማያውቁም ቢሆኑ ይገባል። ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ ነው፣ ሟች ሁሉ ታታሪ ነው። ለጠጅ የነበራቸው ፍቅር «ተጫዋችነታቸው» ይባላል። ሁለተኛዋ ሚስት ይዘለላሉ፤ የእሳቸው ልጆች ግን ከድምሩ አይቀሩም፤ ሒሳቡን ለቀስተኛው ራሱ ይሠራዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ግድም አማርኛው ያልቅና ኦሮምኛው ይጀመራል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አለ፣ ከገጠር የሚመጣ አለ። በሁለት ቋንቋ፣ በአንድ ሌሊት፣ ያለ አጭር ጽሕፈት! ዶስቶዬቭስኪ ይሞክረኝ እስቲ።

ባለፈው ክረምት ኑኑ ቁምባ ለአንዲት እናት ቀብር ተጠራሁ። አዴ ነበር የምንላቸው ሁላችን፣ ዘመድ ሆንንም አልሆንንም። በልጅነታቸው ተድረው፣ ቅቤና ማር ተሸክመው ገበያ ለገበያ ዞረው፣ አረቄ አውጥተው፣ ቡና ቸርችረው፣ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ነቀምቴ ልከው ያስተማሩ ሴት ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ የመንደሩን ብድር ሁሉ በቃላቸው ይዘዋል፤ ማን ከማን ስንት እንደወሰደ ሲያጣላ ዳኛዋ እሳቸው ነበሩ። ወረቀቴን ዘርግቼ ስጠብቅ ልጆቹ ተያዩና ትልቁ «ያው የቤት እመቤት ነበሩ፣ ለልጆቻቸው ጥሩ እናት ነበሩ በል፤ ይበቃል» አለኝ። ይበቃል! ለአባታቸው ሦስት ገጽ ያስጻፉኝ እነዚሁ ናቸው። ሰውዬው ለአጭር ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር መሆናቸው ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ በልቷል። የቤት እመቤት! እኚህ ሴት ቤት ውስጥ የዋሉበት ቀን ቢኖር የሞቱ ዕለት ነው። የተማረ ነው ትልቁ፤ ዲግሪውን ያስፈጸመለት ያ አረቄ ነው፤ ግን አረቄው እንዲጻፍ አይፈልግም፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡት የሥራ ባልደረቦቹ ምን ይሉኛል ነው ነገሩ።

ይህ የመንደር በሽታ ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው፣ ሲነሣ ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ አብረው ይነሣሉ፤ ይገባቸዋልም፣ ነቀምቴ የአገልግሎታቸው አገር ናት። አስቴር ጋኖስ? ለባርነት ሊሸጡ ባሕር ሲሻገሩ የጣልያን መርከብ አስጥሏቸው፣ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ከስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው፣ 15 ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰብስበው ለትርጉሙ ሥራ ያቀረቡ ናቸው። ከልጅነት ትዝታቸው ብቻ 500 ያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ጽፈዋል። ኋላም እዚሁ ነቀምቴ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ምን ይላል? «የኦኔሲሞስ ረዳት።» ረዳትስ መናኸሪያ የሚጮኸው ልጅ ነው!

በዚህ ንዴት ለአዴ አራት ገጽ ጻፍኩላቸው። ቅቤው ገባ፣ ማሩ ገባ፣ አረቄው ከነጋኑ ገባ። ልጆቹም ደክሟቸው ነበር፣ ሳያዩት ለአንባቢው ሰጡት። አንባቢው ሁለተኛውን ገጽ ሲገልጥ ግን ሰማዩ ጠቆረ፤ የኑኑ ቁምባ ክረምት እንደምታውቁት ነው፣ አያስጠነቅቅም። መርሐ ግብር መሪው በዓይኑ ጠቀሰው፤ አንባቢው ገጾቹን አልፎ አልፎ «ለልጆቻቸው ጥሩ እናት ነበሩ» ላይ አረፈ። ሁላችንም ወደ ድንኳኑ ሮጥን። ትልቁ ልጅ እዚያ አገኘኝና እጄን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነኝ፤ ዓይኑ አብጧል፤ ምን ልለው? ንፍሮው መልካም ነበር፤ ሽምብራው በዝቶበታል።

እዚያው ንፍሮ ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡና «ልጄ» አሉኝ፣ «የኔን ከአሁኑ ጻፈው። ስሞት ትቸኩላለህ።» ቀልድ መስሎኝ እሺ አልኩ። እሳቸው ግን ለገበያ ነቀምቴ በመጡ ቁጥር ቤቴ ጎራ ማለት ጀመሩ። የቀብር የሕይወት ታሪክ እንዲህ ተጽፎ አያውቅም፤ ባለቤቱ በሕይወት ተቀምጦ ያርማል። «ታታሪ» የሚለውን አስወጡት፤ ሰነፍ እንደነበሩ አገር ያውቃል፣ ለቀስተኛ እንዲስቅባቸው አይፈልጉም። ሁለተኛዋን ሚስት ከነስማቸው አስገቧቸው፤ ሦስተኛም እንደነበሩ ያኔ ሰማሁ። ገና ከጉርምስናቸው ሳንወጣ ወረቀቱ ከደብተሩ አልፎ ሌላ ደብተር ጀምሯል። ያስቸገረን የወሰን ክርክሩ ነው። ከጎረቤታቸው ጋር በአንዲት የባሕር ዛፍ መስመር ብዙ ተሟግተዋል፤ ፍርድ ቤት ለጎረቤትየው ፈርዷል። «አንተ ለኔ ፍረድልኝ» አሉኝ። «ኦቦ፣ ውሳኔው እኮ መዝገብ ላይ አለ» ብላቸው፣ «ይግባኝ ነው» አሉ።

ወሬው ለጎረቤትየው ደርሶ ትናንት ደወለልኝ። መጥቶ ቃሉን መስጠት ይፈልጋል፤ የራሱንም ሕይወት እንድጽፍለት፣ ግን ከሳቸው ቀድሞ እንዲያልቅ። በተለይ የበቅሎዋን ነገር አጥብቆ ያዘብኝ። እሳቸው ወሰን ሊያስለኩ የሄዱባት በቅሎ ዳማ ነበረች ብለው አጽፈውኛል፤ ጎረቤትየው ደግሞ ሰውዬው በዕድሜያቸው በቅሎ ኖሯቸው አያውቅም፣ የተቀመጡባት የእሱ በቅሎ ናት፣ እሷም ብትሆን አልተመለሰችም ባይ ነው።